ዡል ቦርዴ፦ ትክትክን አሳድዶ የያዘው ሐኪም



የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሕክምና ታሪክ አንድ ሰው መርጬ ሕይወቱን እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ብዙዎቻችሁ ሐኪም ወርቅነህን ወይም ፓስተርን እንደምትጠብቁ አላጣሁትም። እኔ ግን ሁላችንም ስሙን ለማይክሮባዮሎጂ ፈተና ሸምድደን ከፈተናው ማግስት የረሳነውን ሰው መረጥኩ። ዡል ቦርዴ ይባላል፤ ቤልጅየማዊ ነው። ካርድ ላይ ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ ብለን ስንጽፍ ሳናስበው የእርሱን ስም እየጻፍን ነው።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። እኔ የእብናት ልጅ ነኝ። እናቴ የመጀመሪያ ልጇን፣ የእኔን ታላቅ፣ ያጣችው በትክትክ ነው። ያኔ ክትባት የሚባል ነገር እኛ ዘንድ አልደረሰም። ሰው የሚያውቀው መፍትሔ እንጥል ማስቆረጥ ነበርና እንጥሉን አስቆረጡት። ሳሉ ግን አልለቀው አለ። ሲጀምረው ፊቱ እየጠቆረ፣ ካስመለሰው በኋላ ብቻ ትንፋሽ እያገኘ፣ ሳምንታት ቆይቶ አለፈ። እናቴ እስከ ዛሬ ያንን ሳል ከሌላው ሳል በድምፁ ትለየዋለች። እኔ ግን ዲግሪዬን ይዤ አላወቅሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዘመን አንዲት እናት የአምስት ሳምንት ጨቅላ ታቅፋ መጣች። ሕፃኑ አያስለውም ማለት ይቻላል። ጡት አልይዝ ይላል፤ አልፎ አልፎ ጭልጥ ይልና ይመለሳል። የሳንባ ምች ነው ብዬ ለዚያ የሚሰጠውን ጀመርኩለት። አብረው የመጡት አያት ቤት ያለውን ታላቅዬውን ልጅ ትክትክ እንደያዘው ነግረውኝ ነበር። ሰምቼ አለፍኩት። መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን የታወቀ ድምፅ እየጠበቅሁ፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ጨቅላ ድምፁን ለማውጣት አቅም እንደሌለው፣ ከማሳል ይልቅ ትንፋሹ ቀጥ እንደሚል ረሳሁት። በሁለተኛው ሌሊት ትንፋሹ ቆመ፤ መመለስ አልቻልንም። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማንም አልነበረም። ስለዚህ በሽታና ስለዚህ ሰው ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቦርዴ እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1870 ስዋኚ በምትባል የቤልጅየም ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው አባትየው ወደ ብራስልስ ስለተዛወሩ ቤተሰቡ ተከተላቸው። በብራስልስ ነፃ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ በ1892 ተመረቀ፤ ዕድሜው ገና 22 ነበር።

በዚያው በተመረቀበት ዓመት የመጀመሪያ ጥናቱን አሳተመ። የጥናቱ ጉዳይ ኋላ ዕድሜውን ሙሉ የሚከተለው ጥያቄ ነው፦ የአንድ ተሕዋስ የማሳመም ኃይል ቋሚ ነው ወይስ ይለዋወጣል? አንድ የቪብሪዮ ዝርያ በተከተቡ እንስሳት ሰውነት ውስጥ ሲያልፍ ኃይሉ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳየ። የያኔው ልማድ አንድ ጀርም አንድ ጠባይ አለው፣ አበቃ የሚል ነበር። ወጣቱ ሐኪም ግን ጀርሙ ከሚኖርበት ቤት ጋር ይለወጣል የሚለውን ሐሳብ ይዞ ተነሣ። በዚህ ሥራው የተነሣ መንግሥት የትምህርት ድጎማ ሰጠውና በ1894 ፓሪስ፣ ፓስተር ኢንስቲትዩት ገባ፤ ሜችኒኮፍ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀመጠ።

ሜችኒኮፍ ሰውነትን የሚከላከሉት ጀርም የሚውጡ ሕዋሳት ናቸው ባይ ነበር። ጀርመኖቹ ደግሞ የለም፣ መከላከያው ሴረም ውስጥ ነው ይሉ ነበር። በሁለቱ ወገን መካከል የነበረው ፉክክር የሳይንስ ብቻ እንዳልነበረ ማንም ያውቃል። የሚገርመው፣ ቦርዴ በሜችኒኮፍ ቤት ተቀምጦ የሴረሙን ምስጢር መፍታቱ ነው። በ1895 የተከተበ እንስሳ ሴረም ወስዶ ወደ 55 ዲግሪ አካባቢ አሞቀው፤ ሴረሙ የኮሌራን ጀርም የማሟሟት ችሎታውን አጣ። ከዚያ ካልተከተበ እንስሳ የተወሰደ ትኩስ ሴረም ጥቂት ጨመረበት፤ ችሎታው ተመለሰ። ስለዚህ ነገሩ የሁለት አካላት ሥራ ነው፦ አንዱ ሙቀት የሚችልና በክትባት የሚገኝ፣ ሌላው ሙቀት የማይችልና በማንም ደም ውስጥ ያለ። የመጀመሪያው ዛሬ አንቲቦዲ የምንለው ነው። ሁለተኛውን እርሱ አሌክሲን ይለው ነበር፤ ኤርሊህ ኮምፕሊመንት አለው፤ ዓለምም የኤርሊህን ስም ወሰደ። በ1898 ያንኑ በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ደገመው።

እዚህ ላይ ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኘው አንድ ታሪክ አለ፤ ስደርስበት እኔንም ደንቆኛል። ሽማግሌዎቻችን ክፉ ቀን የሚሉትን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ዘመን ታውቁታላችሁ። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሩን በሬ ጨረሰ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቀረ፤ እርሻ ሲቀር ሰው አለቀ። በእኛ በበጌምድር የእርሻ ነገር ሁሉ በበሬ ላይ የቆመ ስለሆነ የደረሰውን መገመት አያስቸግርም። በሽታው ግን በዚህ አልቆመም። ወደ ደቡብ እያለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደቡባዊ አፍሪካ ደረሰ። በ1897 ወደ ትራንስቫል ከሄዱት ተመራማሪዎች አንዱ ይኸው ወጣት ቦርዴ ነበር። ከዳኒሽ ጋር ሆኖ፣ ካገገሙ ከብቶች በተወሰደ ደም ሌሎቹን ለመከላከል ይሞክር ነበር። የእኛን አያቶች በሬ የፈጀው በሽታ፣ ኋላ የልጆቻችንን ትክትክ ያገኘውን ሰው አፍሪካ ድረስ አምጥቶታል ማለት ነው።

በ1899 ማርት ለቮዝን አገባ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። በ1901 የብራባንት ክፍለ ሀገር የእብድ ውሻ በሽታ ሕክምናና የባክቴሪያ ጥናት ተቋም እንዲያቋቁም ስለጠራው ፓሪስን ትቶ ወደ ብራስልስ ተመለሰ። በ1903 የፓስተር ባለቤት ፈቅደውለት ተቋሙ የብራስልስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተባለ። ዋና ባልደረባው ኦክታቭ ዣንጉ ነበር። ሁለቱ በ1901 አንቲጂንና አንቲቦዲ ሲገናኙ ኮምፕሊመንትን እንደሚያስሩት አሳዩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ዋሰርማን በዚሁ መንገድ የቂጥኝን የደም ምርመራ ሠራ፤ ስሙም የዋሰርማን ሆኖ ቀረ። ቦርዴ ሌሎች ስም የሚያወጡለትን ነገር የሚያገኝ ሰው ነበር ብል አልተሳሳትኩም።

አሁን ወደ ትክትኩ። በ1900 ቦርዴና ዣንጉ የጥቂት ወራት ዕድሜ ካለው የታመመ ሕፃን አክታ ላይ፣ በማይክሮስኮፕ፣ ትንሽዬ ሞላላ ጀርም አዩ። በሽታው ገና በጀመረበት ቀን በብዛት አለ፤ ሲቆይ ይጠፋል። ማየት አንድ ነገር ነው፤ ማብቀል ግን ሌላ። ጀርሙ በተለመደው አጋር ላይ አልበቅል አለ። ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። በመጨረሻ ድንች ቀቅለው ውኃውን፣ ጥቂት ግሊሰሪንና ብዙ ደም ቀላቅለው ሚዲየም ሠሩ፤ በ1906 ጀርሙ በቀለ። የአክታው ባለቤት የቦርዴ የራሱ ልጅ እንደነበረ ይነገራል። ቅኝቱ ሳይንሳዊ ቢሆንም፣ በዚያ ቤት ሌሊት ሌሊት ሳል ይሰማ ነበር ብዬ ሳስብ ሰውየው ይቀርበኛል።

ላብ የሠራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቅኝዬው ሦስት አራት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ሲመጣ የሜርኩሪ ጠብታ የመሰለ፣ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ነው። ደሙ ምግብ ብቻ አይደለም፤ በአጋሩ ውስጥ ያሉትን፣ ጀርሙ የማይችላቸውን የስብ አሲዶች ይይዝለታል። ኋላ ዴንማርኮች ይህንኑ ሚዲየም የያዘ ሳህን በሚያስለው ልጅ አፍ ፊት በመያዝ በሽታውን የሚለዩበትን ዘዴ አመጡ።

የቦርዴ ትልቁ ትዝብት ግን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔም ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ስለዚያ ነው። ጀርሙን ብዙ ጊዜ እየገለበጡ ደም ወደሌለበት ሚዲየም ሲያለማምዱት፣ ቀስ በቀስ እዚያም መብቀል ይጀምራል። ግን ያው ጀርም አይደለም። በ1910 ቦርዴ ከስሌስዋይክ ጋር እንዳሳየው፣ በደም ላይ ባደገው ጀርም የተሠራ ሴረም ደም አልባ ላይ ያደገውን እንደ ወንድሙ አያውቀውም። መልኩ ያው፣ ዘሩ ያው፣ ፊቱ ግን ሌላ። ቦርዴ ከዚህ ያወጣው ትምህርት ቀላል ነበር፦ በላቦራቶሪ የምታሳድገው ጀርም ሕፃኑን የሚያሳምመው ጀርም መሆኑን አትመን፤ ፈትሽ።

ይህ ማስጠንቀቂያ ለሃያ ዓመት ያህል ጆሮ አላገኘም። በየአገሩ የትክትክ ክትባት ይሠራ ነበር። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ምንም አይሠራም። ብዙዎቹ የተሠሩት በመደርደሪያ ላይ ከርሞ ከርሞ ኃይሉን ከጣለ ዘር ነበር። እስቲ አስቡት፤ የሞተ ጀርም በመርፌ ትሰጣላችሁ፣ ሰውነት የሚማረው ግን ሕፃኑን የሚገድለውን ፊት አይደለም። በ1931 ሌስሊና ጋርድነር የተባሉ እንግሊዛውያን ነገሩን በአራት ደረጃ ከፈሉት። አንደኛው ደረጃ ከታማሚ ልጅ ትኩስ የተገኘው፣ ሙሉ ኃይል ያለው ነው፤ አራተኛው ምንም የማያደርግ የላቦራቶሪ ለማዳ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ፣ ግራንድ ራፒድስ፣ ፐርል ኬንድሪክና ግሬስ ኤልደሪንግ የተባሉ ሁለት ሴቶች ይህን ይዘው ተነሡ። ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ ማታ ማታ በየድሆቹ ቤት እየዞሩ የሳል ሳህን በልጆች አፍ ፊት ይይዙ ነበር። ከትኩስ፣ ከአንደኛ ደረጃ ዘር ብቻ ክትባት ሠሩ፤ ከተከተቡት ጎን ያልተከተቡትን አስቀምጠው ቆጠሩ፤ ክትባቱም ሠራ። ዛሬ በጤና ኬላዎቻችን የሚሰጠው የዚያ ዘር ነው።

የቦርዴ ትዝብት ምክንያቱ የታወቀው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ጀርሙ የማሳመሚያ መሣሪያዎቹን ሁሉ፣ መርዙንም፣ መጣበቂያውንም፣ በአንድ ማብሪያና ማጥፊያ ይቆጣጠራል፤ ቢቪጂ ይባላል። ማብሪያው በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንዱ ጊዜያዊ ነው፦ ጀርሙን ከሰውነት ሙቀት ወደ 25 ዲግሪ ብታወርዱት፣ ወይም ማግኒዥየም ሰልፌት ብትጨምሩበት መሣሪያውን ይሸሽጋል፤ ስትመልሱት ያወጣል። ሁለተኛው የዘረመል ለውጥ ነው። በ1989 ስቲቢትዝና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በማብሪያው ጂን ውስጥ ሲቶሲን የሚባለው ፊደል ስድስት ጊዜ የሚደረደርበት ቦታ አለ። ጀርሙ ሲባዛ ተሳስቶ ሰባተኛ ከጨመረ ከዚያ ወዲያ ያለው ንባብ ሁሉ ይበላሻል፤ መርዝ የለም፣ መጣበቂያ የለም። አንዲት ፊደል እንደገና ከተቀነሰች ደግሞ አውሬው ይመለሳል። በሳህን ላይ መሣሪያ መሸከም ትርፉ ድካም ነውና የጣለው ቶሎ ይባዛል፤ በሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ግን የጣለው ይጠፋል። ቦርዴ በ1910 በድንች ሚዲየሙ ላይ ያየው ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ኃይል መጣል ሁልጊዜ ጉዳት እንዳልሆነም ልብ በሉ። ቢሲጂ የተገኘው ካልሜትና ጌራን የከብት ቲቢን ጀርም 230 ጊዜ ገልብጠው ስላዳከሙት ነው። ያን የክፉ ቀኑን ደስታም ያጠፋው ክትባት፣ ፕሎራይት ኬንያ ውስጥ ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋስ ላይ 90 ጊዜ ያህል አሳልፎ ያለዘበው ነው። በእርሱም አገራችን በ2008 ነፃ ተባለች፤ በ2011 ዓለም ተገላገለ። ሕያው ክትባት ሲሆን የተዳከመ ዘር በረከት ነው፤ የተገደለ ጀርም ሲሆን ግን የተዳከመ ዘር ባዶ መርፌ ነው። ልዩነቱን ያልተረዳ ሐኪም ቀልድ መስሎት ያልፋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሕፃን ነው።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ከ1907 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲው የባክቴሪያ ጥናት መምህር ሆነ፤ እስከ 1935 አስተማረ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ብራስልስን ሲይዙ የላቦራቶሪ ሥራው ቆመ። እርሱም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ስለ በሽታ መከላከል ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1920 ታተመ። በዚያው ዓመት የ1919ኙ የኖቤል ሽልማት ለእርሱ መሰጠቱ ሲነገር አሜሪካ ነበር።

ስሕተትም አልጠፋበትም። ባክቴሪዮፋጅን ያገኘው ዴሬል ነገሩ ሕያው ቫይረስ ነው ሲል፣ ቦርዴ አይደለም፣ ባክቴሪያው ራሱ የሚያመነጨው ነገር ነው ብሎ ለዓመታት ተሟገተ። ዴሬል ትክክል ነበር። ሆኖም ቦርዴ በዚያው ክርክር ውስጥ የመሟሟት ጠባይ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በዘር እንደሚወረስ አይቶ ነበር፤ ይህም ኋላ ላይሶጀኒ ለተባለው እውቀት መንገድ ከፈተ። ለእኛ መምህራን ለሆንነው ይህ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ተሳስቶም በትክክል ያየ ሰው አለ።

በ1940 የተቋሙን ኃላፊነት ለልጁ ለፖል አስረከበ። በ1952 የትክትክ ጀርም የሚገኝበት ወገን በስሙ ቦርዴቴላ ተባለ። በኤፕሪል 6 ቀን 1961 በ90 ዓመቱ ብራስልስ ላይ አረፈ።

ታሪኩ ግን እርሱ ካረፈም በኋላ አልቆመም። ባለጠጋ አገሮች የሙሉ ጀርሙን ክትባት ትተው ጥቂት የተጣሩ ፕሮቲኖች ወዳሉበት ክትባት ዞሩ። ከፕሮቲኖቹ አንዱ ፐርታክቲን ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ከታማሚዎች የሚገኘው ጀርም ብዙው ፐርታክቲኑን ጥሏል፤ ክትባቱ የሚያውቀውን ፊት ደብቆ፣ የማሳመም ኃይሉን ግን ይዞ። ቦርዴ በመጀመሪያ ጥናቱ የጠየቀው ጥያቄ ማለት ነው፤ በተከተበ ሰውነት ውስጥ የሚያልፍ ጀርም ምን ይሆናል? እኛ ዘንድ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በፔንታቫለንት ውስጥ የሚሰጠው የሙሉ ጀርሙ ነው፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት። ስድስት ሳምንት ያልሞላውን ጨቅላ ግን ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ የታላላቆቹ መከተብ ነው። አንድ ወይም ሁለት መርፌ ወስዶ ሦስተኛውን ያቋረጠ ልጅ፣ ቤት ውስጥ ለተኛው አራስ በሩን ክፍት ተወለት ማለት ነው። በክልላችንም፣ በጃናሞራ፣ ትክትክ ወረርሽኝ ሆኖ እንደነበር አትረሱም።

ስለዚህ ባልንጀሮቼ፣ ስንገናኝ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። በክልሉ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ያላችሁ፣ የትክትክ ናሙና በጊዜው ከአፍንጫ ጀርባ የሚወሰድበትንና ጀርሙ በቅሎ ዘሩ የሚቀመጥበትን ነገር እናስብበት። የትኛው ፊት በእኛ ተራሮች እንደሚዞር የምናውቀው ያኔ ነው። የምታስተምሩ ደግሞ፣ ተማሪው ጡት አልይዝ ያለ ጨቅላ ሲያይ፣ ስቴቶስኮፑን ከማንሣቱ በፊት ቤት ውስጥ ማን እንደሚያስለው ይጠይቅ። አያቶች ሲናገሩም ይስማ።

ባለፈው ጥር እብናት ነበርኩ። ቡና ላይ ሳለን የጎረቤት ልጅ ከውጭ ያስል ጀመር። እናቴ ረከቦቱን ይዛ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ። ትንሽ አዳመጠችና ጉንፋን ነው ብላኝ ሁለተኛውን ቀዳች። ቢሆንም ወጥቼ የክትባት ካርዱን አየሁ፤ ሦስቱንም ወስዷል።